የልጄ ልብ የታየበት ቀን

ባለቤቴ አቃቂ በሰቃ የብረት በር ይሠራ ነበር። ልቡ አብጦ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት ከረመና አረፈ። ሐኪሙ ያን ጊዜ አስቀምጦኝ፣ «ይህ ሕመም በዘር ሊመጣ ይችላል፤ ልጅዎን ያስመርምሯት» አለኝ። ያለችን ልጅ አንዲት ናት። ስነግራት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነበር፤ «እማዬ፣ ምንም አያመኝም።» በዚህ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔም ነገሩን በጸሎት ካልሆነ በቀር ለማንም አላወራሁትም።

ልጄ የምትሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ባክቴሪያ ታሳድጋለች። መጀመሪያ የነገረችኝ ጊዜ የሥራ ልብሷን ከእኛ ልብስ ጋር እንዳትዘፈዝፍ ከለከልኳት። «አንቺ ሆድ ውስጥ ያለው ይበልጣል እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በራችን ላይ ተቀምጠን ነበር። በሩን የሠራው አባቷ ነው። ቀለሙ ተልጦ፣ ታችኛው ጠርዝ ዝጓል። «ቆይ እስቲ፣ እዚያ ላቦራቶሪ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት። ወደ ዝገቱ ጠቆመችኝ።

«ብረቱን እንዲህ ያደረገው አየሩ ነው። እኛንም እንደዚሁ ይነካናል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ያኖረናል፤ ሰውነታችን ሲጠቀምበት ግን የሚጎዳ ነገር ይተርፋል። ያን የሚያመክንልን መከላከያ በውስጣችን አለ። ባክቴሪያም አለው። መከላከያውን የሚያሠራው ጂን ነው፤ ከወላጅ የሚወረስ። እኔ የማሳድገው ያ ጂን የጎደላቸውን ነው።»

«ከጎደላቸውስ?»

«አየሩን አይችሉትም። ይሞታሉ።» ዝገቱን በጣቷ ፋቀችው። «አይጦች ላይም ታይቷል። እንደዚያ ያለው ጂን ሲጎድላቸው ልባቸው ያብጣል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ ያልተመረመረችው ስላላመማት አልነበረም።

«የአባትሽም ሕመም በዚህ ነው?»

«አይታወቅም። ልብ የሚያብጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ግን ባክቴሪያዎቹን የማሳድግበትን ሳህን ከፍቼ ሞተው ሳያቸው እሱ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ራሴን አስባለሁ።»

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ከደጇ ሆና ስትሰማ ነበር። ወሎዬ ናት፤ አፏ አያርፍም፤ ልጄን ከእኔ እኩል አሳድጋታለች።

«አንቺ፣ ሁሉም ነው የሚሞቱት?» አለች ወደ እኛ እየመጣች። «አንድም አይተርፍ?»

«ብቻቸውን ከሆኑ አዎ፣ እትዬ። ጂኑ ካላቸው ጋር ቀላቅዬ ሳሳድጋቸው ግን ይተርፋሉ። ያላቸው ዙሪያውን ያጸዱላቸዋል።»

ጎረቤቴ ጭኗን መታች። «ታዲያ ጎረቤት ማለት ነዋ! ይህን እያወቅሽ ነው ብቻሽን የምትንቀጠቀጪው?»

«እትዬ፣ የሰው ልብ እኮ እንደዚያ አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ። ልብሽን ላክምሽ አላልኩም። ሐኪም ቤት በር ላይ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን ነው ያልኩሽ።»

ልጄ አለቀሰች። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ዓርብ እሄዳለሁ» አለች።

ዓርብ የጎረቤቴ ባል ሚኒባሱን ከተራ አውጥቶ ራሱ ወሰደን። ልጄ ለልብ አልትራሳውንድ ገባች፤ እኛ አግዳሚው ላይ ቀረን። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ እመቤቴን እማጸናለሁ፤ ጎረቤቴ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

«ምን ተሳልሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ጃንጥላ።»

«እኔም ሰደቃ ብያለሁ። በሁለት በኩል ይዘናታል፤ ይቺ ልጅ የት ታመልጣለች!»

ሳቅኩ። እዚያ ቦታ ላይ እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ወደ ውስጥ ጠራችን። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች። ቀና አላለችም፤ ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«ልቧ አላበጠም» አለች ሐኪሟ። «አመታቱም ደህና ነው። የአባቷ ሕመም ስላለ ግን በየጊዜው መታየቷን እንዳትተው።»

እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ሳትሰለች ደገመችልኝ። ግድግዳውን ያዝኩ። ለልጄ የምነግራት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ተመስገን ብቻ ነው። ከኋላዬ ጎረቤቴ በራሷ ቃል ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

ስንመለስ የቃሊቲ መንገድ በጭነት መኪና ተዘግቶ ቆምን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጎረቤቴ ከፌስታል ዳቦ አወጣችና፣ «በይ ፆምሽን ፍቺ፤ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድሽን ነሽ» አለችኝ። አማትቤ ቆረስኩ።

ዞር ስል ልጄ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ደነገጥኩ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«የለም እማዬ» አለች። «ራበኝ።»

የያዝኩትን ዳቦ እንዳለ ሰጠኋት።