በር የሌለው ቤት

ጋሽ ክፈተው የቅጽል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው ላይ በቀር የትም አይገኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በገዛ በሩ ላይ ቆሞ ኪሱን ሲዳብስና ፊቱ ሲለዋወጥ ጎረቤት የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ክፈተውን ጥሩት።» ስሙም በዚያው ቀረ።

ሱቁ፣ ሱቅ ከተባለ፣ በፀጉር አስተካካዩና በሞባይል ጠጋኟ መሃል የተሸጎጠች ክፍል ናት። ተቀምጦ እግሩን ከዘረጋ ጫማው መንገድ ላይ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የመቅረጫው ማሽን፣ ሞረዱ፣ ጉጠቱ፣ ብናኝ የሚጠርግበት አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለ። የነሐሱ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ስለሚያርፍ ሲስቅ ግንባሩ ያብለጨልጫል።

አንድ ሕግ አለው። ማንም አልጻፈለትም፣ ራሱ ያወጣው ነው። ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ለመጣ ሰው በር ከመክፈቱ በፊት ሁለት ጎረቤት ወጥቶ «አዎ፣ ቤቱ የእሱ ነው» ማለት አለበት። ሁለት ጎረቤት ከሌለ ክፈተውም የለም። ቢያለቅሱለት፣ ቢቆጡት፣ የባለሥልጣን ዘመድ ነኝ ቢሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። የሰው ቤት በእንባ አይከፈትም ይላል።

ሕጉ አንድ ጊዜ ክፉኛ አሳፍሮታል። ዝናብ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ መጥቶ ለመነው። ደጃፉ ሲደርሱ ግን ከጎረቤቱ ሁሉ ሰውዬውን የሚያውቅ ጠፋ። ክፈተው መሣሪያውን ሰብስቦ ተመለሰ። ለካ ቤቱን የተከራየው ከትናንት ወዲያ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ልብሱ እላዩ ላይ ደርቆ ሱቁ ድረስ መጣና አፉ እንዳመጣለት ሰደበው። ክፈተው ስድቡን እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ አከራዩን አፈላልጎ አመጣና በሩን በነጻ ከፈተለት። ያ ሰው እስከ ዛሬ ደንበኛው ነው።

ወደ ሚስቱ እንምጣ። ሚስቱ ድምፅ ነበረች፣ በቃ። ከጓሮ ሆና ስትጣራ ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው «አቤት» ይላል። ክፈተው ማሽኑን ሲያስነሳ ስልክ ቢጮህ ስለማይሰማ፣ መደወሉን ትታ ድምፅዋን እየቀዳች መላክ ጀመረች። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት መልእክት ትመጣለች። «አንተ ሰው፣ ሽንኩርት እንዳትረሳ። ትናንትም ረስተሃል፣ ከትናንት ወዲያም ረስተሃል። የሰው በር ስታስታውስ የራስህ ወጥ ቤት ይጥፋብህ?» እሱም ማሽኑን ሲያቆም ይሰማታል፣ ለብቻው ይስቃል፣ ከዚያ ሽንኩርቱን ይረሳል። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከመልእክቶቹ አንዱንም አላጠፋም፤ አርቆ አስቦ እንዳይመስላችሁ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ስለማያውቅ ነው።

ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉላት፤ ድምፅዋን ግን ከበሽታው ጋር አብረው ቆርጠው አወጡት። ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሰባት ወር ሲቆዩ የክፈተው የስልክ መስመር እዚያ ግቢ አልሠራ ስላለው ሌላ መስመር አወጣ፣ የድሮውንም እርግፍ አድርጎ ተወው። ሲመለሱ ሚስቱ አንገት ላይ አንዲት ማስታወሻ ደብተር ተንጠልጥላለች። የምትፈልገውን ትጽፋለች። መጻፍ ግን ለእሷ ቅጣት ነው። በአፏ ግማሽ ሰዓት የምታወራውን ነገር በጽሑፍ «ጨው» ብላ ትዘጋዋለች።

እሑድ እሑድ ግን ከምሳ በኋላ እጇን ጆሮዋ ላይ ትደግናለች። ስልኩን አምጣው ማለቷ ነው። ክፈተው መልእክቶቹን አንዱን በሌላው አስከትሎ ያሰማታል። የራሷን ቁጣ እየሰማች ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ሳቋ አይሰማም፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ግን ትጮሃለች። ሁለቱን ሚስቶቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው ክፈተው ሆዱ ይባባል፣ ግን ደስ ይለዋል።

እንግዲህ ያ ስልክ ነው አንድ ማክሰኞ ቀን ከክፈተው ኪስ አምልጦ የፀጉር አስተካካዩ ፎጣ የሚዘፈዘፍበት ባልዲ ውስጥ የገባው።

ሞባይል ጠጋኟ ሁለት ቀን ፈታታችው፣ አደረቀችው፣ ገጣጠመችው። ሞቷል አለች። ቢሆንም እንዳይደነግጥ፣ መልእክቶቹ ስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ደመናው ላይም እንደተቀመጡ ነገረችው። ክፈተው ከልቡ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። ሦስቱም ሳቁ። ያኔ ገና የሳቅ ጉዳይ ነበር።

አዲስ ስልክ ተገዛ። የደመናውን መለያ የይለፍ ቃል ክፈተው የቁልፍ ሰው ነውና በምስማር ጫፍ መሳቢያው ውስጥ ጭሮ አስቀምጦታል። አስገቡት፣ ትክክል ነው አለ። ቀጥሎ ግን፣ ይህን ስልክ ከዚህ በፊት አይተነው ስለማናውቅ እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ በቁጥርዎ የሚስጥር ኮድ ልከናል አለ። ቁጥሩ የድሮው መስመር ነው። የድሮው መስመር ወራት ሳይነካ ስለቆየ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከሥር ደግሞ በቀይ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማንነትዎን ካላረጋገጡ በመለያው ያለው ሁሉ ይሰረዛል የሚል ተጽፏል።

«ቁልፉ ገብቷል፣ ዞሯል» አለ ክፈተው። «ከዞረ በኋላ የማይከፍት ቁልፍ አይቼ አላውቅም።»

መልእክቶቹን ደመናው ላይ ለያዘው ድርጅት ጻፉ። ድርጅቱ ትልቅ ነው፤ ከዓለም ሕዝብ ስንቱ ወሬውንና ፎቶውን እሱ ዘንድ እንደሚያስቀምጥ ሞባይል ጠጋኟ ብትነግረው ክፈተው አላመናትም። ይህን ሁሉ ሰው የያዘ ድርጅት ግን የሚደወልበት ቁጥር የለውም፣ የሚኬድበት ቢሮ የለውም፣ ዘበኛ እንኳ የለውም። ያለው ፈገግ ያለ ፊት የተሣለለት «ረዳት» ነው። ረዳቱ መጀመሪያ ክፈተው ሰው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ፈለገ፤ ከዘጠኝ ሥዕሎች ውስጥ ድልድይ ያለባቸውን ምረጥ አለው። መረጠ። ሰው ነህ ተባለ። ከዚያ ረዳቱ «ስሜትዎን በጥልቅ እንረዳለን» ብሎ ወደ ተነሳበት ገጽ መለሰው። ክፈተው ስለ ሚስቱ ጉሮሮ ጻፈ። «ስሜትዎን በጥልቅ እንረዳለን» አለው። ተናዶ ስለ ሽንኩርቱ ጻፈ። ያንንም በጥልቅ ተረዳለት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ለሚስቱ ስልኩ ጥገና ላይ ነው አላት። እሑድ ደርሶ እጇን ጆሮዋ ላይ ስትደግን የሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል አለ። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አለ። ሦስተኛው እሑድ እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ ፊቱን አየችና መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ብትጠይቀው ይሻለው ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ክፈተው ወደ ገዛ የድሮ ቁጥሩ ደወለ። አንዲት ሴት አነሳች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላትና፣ አሁን ስልኳ ላይ የሚመጣውን ስድስት አኃዝ እንድታነብለት ለመናት። 

«አባቴ፣ ወንድሜን እንዲህ ብለው ነው የዘረፉት» አለች። «እሱንም የታመመች ሚስት አለችኝ ብለው ነው ያሳዘኑት። አይፍረዱብኝ።» ዘጋችው።

ፀጉር አስተካካዩ ጨካኝ ናት ብሎ ተንጨረጨረ። ክፈተው ግን ሊቀየማት አልቻለም። እሱ ቢሆን ይከፍት ነበር? የማያውቀው ሰው በስልክ ቢያለቅስ፣ አንድም ጎረቤት ሳይቆምለት? ያ በዝናብ የመለሰው ሰውዬ ትዝ አለው። በማግስቱ እንደገና ደወለላት። ኮዱን አልጠየቃትም፤ የት እንደምትሠራ ብትነግረው ሁለት ጎረቤት ይዞ እንደሚመጣና ጠይቃቸው ካላመነች ተመልሶ እንደሚሄድ ብቻ ነገራት። ይህን የሚል ሌባ ገጥሟት ስለማያውቅ ይሆናል፣ እያመነታች የሥራ ቦታዋን ነገረችው።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ሦስቱም ሱቆቻቸውን ዘግተው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። ሴትዮዋ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ቁጥብ፣ ሰውን ከመነጽሯ በላይ የምታይ ሴት ናት። ክፈተውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ምስክሮቹን ለየብቻ ጠየቀች፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ውጭ ይቆማል። ክፈተው ይህን ሲያይ ወደዳት፤ እሱ ራሱ እንዲህ አድርጎ አያውቅም፣ ማድረግ ነበረበት።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ክፈተው በሰፈሩ የማይከፍተው በር እንደሌለና ከአንድም ቤት መርፌ ጠፋ ሲባል እንዳልሰማ ተናገረ። ሞባይል ጠጋኟ ደግሞ የሱቆቻቸው ግድግዳ ስስ መሆኑን፣ አራት ዓመት ሙሉ ስድስት ሰዓት ሲሆን የሚስቱን ድምፅ ከማዶ እየሰማች ሰዓቷን ትሞላ እንደነበር ነገረቻት። ስለ ሽንኩርቱም ነገረቻት። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ስልኳን ከጋዋኗ ኪስ አወጣች።

«በሉ፣ ይላኩት» አለች።

ኮዱ መጣ። እሷ አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፣ ሞባይል ጠጋኟ አስገባች። የክፈተው ጣት በጨለማ የቁልፍ ጥርስ የሚለይ ጣት ነው፤ ዛሬ ግን ስልኩን አልነካም። አራት ሰው በአንዲት መስታወት ላይ አንገቱን ደፋ። አንዲት ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ጽሑፍ መጣ።

ያስገቡት ኮድ ትክክል ነው፤ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ መለያው የእርስዎ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልንም። ይህ ውሳኔ የመጨረሻ ነው።

ለምን እንደሆነ የሚል ነገር የለውም። ከሥሩ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደረደሩ፦ አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት? ክፈተው ቃል የሚጻፍበት ቦታ ፈለገ። ከኮከብ በቀር የሚነካ ነገር አልነበረም።

ከሁሉም የባሰባት የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሆነች። «እኔ አረጋገጥኩ እኮ» አለች ስልኩን ከሞባይል ጠጋኟ እጅ ተቀብላ፤ «ምስክር ጠይቄ፣ ለየብቻ ጠይቄ።» ለማን እንደምትናገር ግን እሷም አላወቀችም። ሊሄዱ ሲሉ አንድ ጥቅል የጉሮሮ ከረሜላ ለሚስትዎ ብላ ለክፈተው ሰጠችው። ከሰጠችው በኋላ ነገሩ ገባትና ደነገጠች። ክፈተው እንዳታፍር ብሎ አመስግኖ ተቀበላት።

ሲመለሱ ከረሜላውን በእጁ እንደያዘ ነበር። እጅ ከወርች የታሰረ ሰው እንኳ ቢያንስ ገመዱን ያየዋል፤ እሱ ግን የሚያየው ነገር የለውም። ሁለተኛው አውቶቡስ ውስጥ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ።

«ያ የዝናቡ ሰውዬ እኔን መጥቶ ሰደበኝ። ሱቄን ያውቃታል። እኔ አሁን ማን ደጅ ሄጄ ልሳደብ?»

 

የቀሩትን ሦስት ቀናት ክፈተው ሥራ እየፈታ ሞከረ። ረዳቱ ስሜቱን በጥልቅ ተረዳ። በሠላሳ አንደኛው ቀን የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ፣ እንዲህ ያለ መለያ የለም አለው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ለሚስቱ ነገራት። ከባልዲው ጀምሮ እስከ ኮከቦቹ ምንም አላስቀረም፤ እየዋሸ ያሳለፋቸውን እሑዶችም ነገራት። አላለቀሰችም። ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ደብተሯን ስባ ጻፈችና አዞረችለት። «ምን ነበር የምልህ?» ይላል።

ክፈተው በቃሉ ያውቀዋል። «አንተ ሰው፣ ሽንኩርት እንዳትረሳ» ብሎ ጀመረ። «ትናንትም ረስተሃል፣ ከትናንት ወዲያም ረስተሃል። የሰው በር ስታስታውስ የራስህ ወጥ ቤት ይጥፋብህ?»

አንድ ቃል አልሳተም። ከአፉ የሚወጣው ግን የእሱ ድምፅ ነው፣ ብናኝ የጠጣ የሽማግሌ ድምፅ። የእሷ የቱ ጋ ከፍ ይል እንደነበር፣ የቱ ጋ ይሰበር እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ። አልመጣለትም። በወር ውስጥ ጠፍቶበታል፤ ይህን ሲያውቅ እውነተኛው ድንጋጤ ያኔ መጣ። ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ አይደለም ማለቷ ነው።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?» አላት።

ልታሳየው ወንበሯን ሳብ አደረገች፣ እንደ ድሮዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ አገጯን ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች። ጥቂት ቆየችና መልሳ ዘጋችው።