ደህና ነኝ ያለው ጎሽ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከቦንጋ ብዙም በማይርቅ አንድ የቡና እርሻ የአረም መድኃኒት ይረጭ ነበር። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ጠዋት ይወጣና አመሻሽ ላይ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ይዞ ይመለሳል። ጓንት የለ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የለ። ያኔ ይህን እንደ ጉድለት የሚያየው አልነበረም፤ አባባ በጉልበቱ የታወቀ ሰው ነበርና እኔም እኮራበት ነበር።

አንድ ክረምት ግን አባባ ተለወጠ። መጀመሪያ ራሱን ያመው ጀመር፣ ቀጥሎ ምግብ አስጠላው፣ በመጨረሻም ዝም አለ። ከእርሻ ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። እማ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ከጎረቤት አንዳንዱ ዓይን በልቶት ነው አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ መጠጥ ጀምሯል እያለ አማው።

እማ ሲጨንቃት የአባባን ታላቅ እህት አስጠራች። እትዬ ወለተማርያም ከማንኪራ በቅል ማር ይዘው መጡ። እሳቸው ሲመጡ ተረት እንደማይቀር ስለምናውቅ እኔና ታናሽ ወንድሜ ገና ሳይመሽ ምድጃውን ከበብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ፣ እማ ኩራዝ ለኮሰች፣ የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ከጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ። እትዬ ፍሙን ሰብሰብ አድርገው፣ «ጠጋ በሉ፤ የአንድ ጎሽ ነገር ላውራችሁ፤ ጫካው ራሱ ነው የነገረኝ» አሉ።

ጎሹ ኃይለኛ ነበር። መንጋው ሁሉ እሱ በጣሰው መንገድ ይሄዳል። አንድ ቀን ሰኮናው መሃል እሾህ ገባበት። አንካሳ ጎሽ ማን ይከተላል ብሎ ፈራና ለማንም ሳይናገር ቀረ። እንዴት አደርክ ሲሉት ደህና፤ ቁስሉ አመርቅዞም ደህና። ጀርባው ላይ የምትውል አንዲት ትንሽ ወፍ ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ደህና ከሆንክ አንዱን እግርህን ለምን ከመሬት ታነሳዋለህ?» አለችው።

እትዬ እዚህ ላይ አቆሙ።

«ከዚያስ?» አለ ወንድሜ።

እሳቸው ወደ እኛ አላዩም። «ገብሬ፣ ጎሹ ምን ብሎ መለሰላት?» አሉት አባባን።

እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተቀመጠው አባባ ፊቱን ወደ እሳቱ መለሰ።

«እትዬ፣ ፈርቻለሁ» አለ። «ጠዋት መርጫውን ሳነሳ ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ብናገር ደግሞ ከሥራ ያስወጡኛል፤ ልጆቼስ? አንዳንዴ ባልነጋ እላለሁ።»

እማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ ግን ሳይደነግጡ አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ያዙት። «ይኸው ተናገርክ። ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የመረመረችው ሐኪም የሚረጨው መድኃኒት በቆዳውና በትንፋሹ እየገባ እንደሚጎዳው፣ ጭንቀቱም ሕመም እንጂ ስንፍና እንዳልሆነ አስረዳችው፤ እየተመላለሰም እንዲያነጋግራት ቀጠረችው። አባባ የሰማውን ለባልደረቦቹ ሲነግራቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ሁሉ «እኔም ሌሊት እንቅልፍ የለኝም»፣ «እኔንም ያስመልሰኛል» ይሉ ጀመር። ያለ መከላከያ አንረጭም ሲሉ የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው መጀመሪያ ተቆጣ። ሁሉም መርጫቸውን መሬት አስቀምጠው ሲቆሙ ግን ነገሩን ለኃላፊው ከማድረስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከብዙ ክርክር በኋላ ጓንት፣ ጭምብልና ቦት ጫማ መጣ፤ ከማሳው ዳርም የመታጠቢያ ቧንቧ ተዘረጋ። አባባ ወደ ችግኝ ጣቢያው ተዛወረ። የእጁ መንቀጥቀጥ ጨርሶ ባይለቀውም ችግኝ ለማፍላት አላገደውም።

ከወራት በኋላ አንድ ምሽት፣ እትዬ በሌሉበት፣ አባባ እሳቱ ዳር ተቀምጦ «ዛሬ እኔ ላውራ» አለ። ስለ አንዲት ጦጣ ጀመረ። መሃል ላይ ጠፋበትና ጦጣዋ ሳናስበው ከርከሮ ሆና አረፈችው። ወንድሜ «ጦጣ ነበረች እኮ!» ብሎ ሲጮህ አባባ ሊያስተካክል ሞከረ፣ ይበልጥ አበላሸው፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እማም ጎደሬዋን መላጥ ትታ ትስቅ ነበር።

ያኔ የሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። ዛሬ ለራሴ ልጆች ላወራ ስል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ግን ያ መጨረሻ የሌለው የጦጣ ተረት ነው፤ አባታችን ወደ ቤቱ የተመለሰው ያን ምሽት ይመስለኛልና።