ጉሙ መቼ ይገፈፋል?

የያዙኝ የዝናብ መለኪያው ውስጥ የወደቀ ቅጠል እያነሳሁ ሳለ ነው። ከአሸተን ማርያም በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለመመረቂያ ጥናቴ የተከልነው መሣሪያ ነበር፤ አንድ የብረት ምሰሶ፣ ነፋስ የሚያሽከረክራቸው ትናንሽ ኩባያዎች፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ልኬቱን ወደ ከተማ የሚልክ ሲም ካርድ። ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጡ። አንደኛው ምሰሶውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው።

"ይሄ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?"

"አሁን ኔትወርክ ስለሌለ ከማንም ጋር አያወራም" አልኩት።

"ሲኖርስ?"

ሲኖር የዝናቡንና የነፋሱን መጠን እንደሚልክ ነገርኩት። "ወደ ሌላ ቦታ ይልካል" አለ ለጓደኛው። ጉዳዬ በዚሁ አለቀ።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ካለቀ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ ዓይን ይቆጠቁጣል። መስኮት የለውም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።

"እሰይ፣ ሰው አመጡልኝ" አለች። ጠጋ ብላ አየችኝና፣ "ምን ሰው፣ ሕፃን ናት እንጂ" ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከገደሉ ማዶ ካለው መንደር ነች። ጠላ ትሸጣለች። የታሰረችው ለሌላኛው ወገን ታጣቂዎች ጠላ ቀድታለች ተብላ ነው።

"የጠማው መጣ፣ ቀዳሁለት። መታወቂያ ልጠይቀው ነበር?"

ሁለቱ ልጆቿ አማቷ ዘንድ ቀርተዋል። በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስማቸውን እያነሳች ታወራቸዋለች፤ "ያቺን ላም አስገቧት፣ ይኸው ዝናብ ሊጥል ነው" ትላቸዋለች። እኔን የሰማይ ነገር እንደተማርኩ ከሰማች በኋላ "የዝናቧ" ትለኝ ጀመር።

"እስቲ ንገሪኝ እታለም፣ ዝናባችን ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከሩቅ ባሕር ነው፣ እትዬ። ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉ መሣሪያዎች አሉ። ወደ ጥልቁ ወርደው ሙቀቱን ለክተው ይወጣሉ፤ ከዚያ የለኩትን ወደ ሰማይ ይልኩታል። የባሕሩ ሙቀት ሲለወጥ የእኛም ክረምት ይለወጣል።"

"ባሕሩን አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

"እና የባሕርን ትኩሳት እየለካችሁ የላስታን ድርቅ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ?"

"አንዳንዴ፣ አዎ።"

"ታዲያ ምነው እህል ቀድሞ አይመጣም?"

"ማወቁና እህል ማምጣቱ የተለያዩ ቢሮዎች ናቸው" አልኳት። ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ቆርቆሮውን መታው፤ ጠባቂው በሩን ደበደበ።

ክረምቱ ሊወጣ ነበር። ጉሙ ግን ቀኑን ሙሉ አልገፈፍ ብሎ ሰነበተ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የምናየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። ከመጋዘኑ በላይ አፋፉ ላይ ከባድ መሣሪያ ተክለው ማዶው እስኪታይ እየጠበቁ እንደሆነ ከጠባቂዎቹ ወሬ ሰማን። አፈሙዙ ወደ እሷ መንደር ዞሯል። ይህን ከሰማን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በክፍተቱ አጮልቃ ነጩን ስታይ "ተመስገን" ትላለች። የገጠር ሰው በመከር ዋዜማ ለጉም ሲያመሰግን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም አዛዣቸው አስጠራኝ። በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። የለሰለሰ አነጋገር ነው ያለው።

"የአየር ንብረት ነው የተማርሽው አሉ።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"በይ አስተምሪኝ። ጉሙ መቼ ይገፈፋል? ሰዎቼ አፋፉ ላይ በብርድ አለቁ። ነገ የሚገፈፍ ከሆነ ላሳድራቸው፤ ካልሆነ ላውርዳቸው።"

"ሰማዩን ካየሁ ቆየሁ" አልኩ።

"ይኸው፣ እዪ።"

አየሁ። ለሳምንት ያላየሁት ሰማይ ስለነበር መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ይህን ደስታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሯል። ቅዝቃዜው ደረቅ ነው። ከላይ ያለው ደመና ተበጣጥሷል፤ ፀሐይዋ በሳሳው ጉም ውስጥ እንደ ነጭ ሳህን ቁልጭ ብላ ትታያለች። ማለዳ ፀሐይ እንደሞቀች ማዶው በሙሉ ይገለጣል። ይህን የማያውቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የለም።

"ከነገርሽኝ ነገ እናትሽ ጋ ነሽ" አለ። "ከዋሸሽኝ ግን ዕዳው ያንቺ ብቻ አይደለም። አብራሽ ያለችም አለች።"

እኔ በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ።

"አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም" አልኩ።

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።"

ድምፄ ስላልወጣ እውነቱን ነው። ሁለተኛ ጊዜ መድገሙ ከመጀመሪያው ከበደኝ።

"አውቃለሁ፤ አልነግርዎትም።"

አልተቆጣም። "ብትነግሪኝም ባትነግሪኝም ይገፈፋል አይደል?"

"ይገፈፋል።"

"ታዲያ ዝምታሽ ለማን ይጠቅማል?"

ጠባቂው ክንዴን ይዞ ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማስፈራሪያውንም ጭምር።

"አይገፈፍም ባልሽው ኖሮ ያወርዳቸው ነበር?"

"ምናልባት።"

"ዋሽተሽው ዕዳውን እኔን በጠየቀኝ ይሻል ነበር" አለች። በቁጣ አልነበረም። የጠላ ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ከዚያ የጋቢዋን ጫፍ ወረወረችልኝና "ተኚ እንግዲህ" አለችኝ። ሁለታችንም አልተኛንም።

በማለዳ በበሩ ሥር የገባው ብርሃን ቢጫ ነበር። እሷ ለማጮለቅ አልተነሳችም። ትንሽ ቆይቶ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቆርቆሮው ተንሿሿ። እንደገና። እጄን ያዘችኝ።

"ነጎድጓድ ነው አይደል፣ የዝናቧ? ነጎድጓድ ነው በይኝ።"

የላስታ የክረምት ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። በማለዳ፣ በጠራ ሰማይ አይመጣም። እሷም ይህን ከእኔ በፊት ታውቃለች።

"አይደለም፣ እትዬ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እጄን ግን አልለቀቀችም። እስኪያበቃ ድረስ የልጆቿን ስም እየጠራች ወደ ገደሉ ሥር ውረዱ፣ ወደ ዋሻው ግቡ ትላቸው ነበር።

እኔ ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ ተለቀቅሁ። እሷ ከእኔ ዘግይታ ወጣች። ልጆቹ በሕይወት እንዳሉ ከሰው ሰማሁ፤ ሌሊቱን አሮጊቷ አማቷ ልቧ አልረጋ ብሏት ወደ ዋሻው አውርዳቸዋለች። አሮጊቷ ራሷ ላሟን ልታመጣ ተመልሳ እዚያው ቀረች። ሴትዮዋን ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜም ከመንገድ ተመለስኩ። በሦስተኛው ደረስኩ። ጠላ ቀዳችልኝ። ስለ ሰማይ አላወራንም።

አሁን የምሠራው ትንበያ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ነው። ገበሬ ደውሎ ጤፉን ሳላጭደው በረዶ ይመታብኛል ወይ ካለኝ የማውቀውን ያህል እነግረዋለሁ። ሌሎችም ይደውላሉ፤ በዚህ ተራራ፣ በዚያ ሸለቆ ጉሙ በስንት ሰዓት ይገፈፋል ይላሉ። ያኔ "ለምን ፈለጉት?" እላለሁ። ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም፤ አለቃዬም አይወድልኝም። አብዛኞቹ ይስቁና ለመንገድ ነው፣ ለበረራ ነው ይላሉ፤ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ምንም ሳይሉ ስልኩን ይዘጋሉ። ስልኩን አስቀምጬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ። እንዲህ ባለ ቀን ሥራዬን በትክክል እንደሠራሁ አውቃለሁ። ጉሙ ግን ያው ይገፈፋል።