ልቤን ያስጠረጠረኝ ብስክሌት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ራያ ውስጥ፣ ጎብዬ ላይ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። ዛሬም ሰው በብስክሌት ዳገት ሲወጣ ካየሁ ቆሜ ሳላይ አላልፍም።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ ብስክሌት መንዳት ለእኔ እንደ መራመድ ነው። ራያ ስመደብ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ የራሱን ብስክሌት በአይሱዙ አስጭኖ ላከልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ የቆቦ ልጅ ነው፤ እሱም ያው ዓይነት ብስክሌት ነበረው። ጠዋት ጠዋት የማሽላ ማሳ ለማየት አብረን እንወጣለን።

ሜዳው ላይ እኩል ነን። ቁልቁለት ሲሆን እንዲያውም እቀድመዋለሁ። ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስደው ዳገት ላይ ግን እሱ እያወራ ሲወጣ፣ እኔ ግማሹን ሳልደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወርጄ እገፋለሁ።

እናቴ የሞተችው በልብ ሕመም ነው። «የእሷው ነገር መጣብኝ» አልኩ። ወልድያ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ «ልብሽ ደህና ነው» አለኝ፤ አላመንኩትም። ለእጮኛዬ ምክንያቱን ሳልነግረው «ሠርጉን ትንሽ እናቆየው» አልኩት። «እንዳልሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ያ መልሱ ሰላም ነሳኝ።

አንድ ቀን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሰይድ፣ «ቁልቁለት ላይ እንዲያ የሚያስሮጥሽ ምንድን ነው? እስቲ ዛሬ እንቀያየር» አለኝ።

ተቀያየርን። ፔዳሉን ገና ስረግጠው ብስክሌቱ ከሥሬ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። መሪው ቀለለብኝ፤ ወዲያና ወዲህ ተወላገድኩ። ከዚያ ዳገቱን ያዝኩት። ልቤ ይመታል፣ ላቤም ይወርዳል፤ እግሬ ግን አልቆመም። አናቱ ላይ ደርሼ ዞር ስል ሰይድ ከታች ወርዶ እየገፋ ነው።

«ወላሂ ይሄ ሳይክል ሰው ጭኗል!» አለኝ ሲደርስ።

በየተራ አነሳናቸው። የእኔው ሲነሳ ክንድ ይጎትታል። ስንመለስ ጎብዬ ገበያ እህል የሚነግዱት እትዬ ዘሀራ ጋ ጎራ ብለን በእህል ሚዛናቸው መዘንናቸው። የእኔ በብዙ በለጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ተሸክመሽ ነው እምትዞሪ?» አሉኝ።

ሰይድ መፍቻ ተውሶ ኮርቻውን ነቀለው። የቱቦው አፍ በጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁን በሽቦ ጎትቶ አውጥቶ ብስክሌቱን ሲገለብጠው ግራጫ፣ ድብልብል ብረቶች መሬት ላይ ተዘረገፉ።

«ጥይት ነው!» አለ አንዱ። ከበው ያዩን የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። እኔም ወደ ኋላ አልኩ። ጠጋ ብዬ አንዷን ሳነሳት ግን መሃሏ የተበሳ ነው። አወቅኳት። የጣና አሣ አጥማጆች መረቡ እንዲሰምጥላቸው የሚያስሩት እርሳስ ነው።

እዚያው ሆኜ ደረጀ ጋ ደወልኩ።

«ውይ! አላወጣሁትም እንዴ?» አለ። በወጣትነቱ ይወዳደር ነበር፤ እግሩ እንዲጠነክር እርሳስ ሞልቶ ይለማመዳል፣ ለውድድር ያወጣዋል። ውድድሩን ሲተው እርሳሱንም ረሳው። ይህን እየነገረኝ ይስቃል።

«ትስቃለህ? እኔ ልሞት ነው ብዬ ሠርጌን አቁሜያለሁ!» ብዬ ጮህኩበት።

ሳቁ ቆመ። «እንደ እማዬ መስሎሽ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «አዎ» ብዬ አለቀስኩ። እሱም ሲያለቅስ ተሰማኝ።

ማታ ለእጮኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። «ለምን ብቻሽን ፈራሽ?» አለኝ። በጥር ተጋባን።

አሁን ሳስበው በወንድሜ አልናደድም። የሚገርመኝ ያ ሁሉ እርሳስ ሜዳ ላይ አንድም ቀን ተሰምቶኝ አለማወቁ ነው። ዳገት ላይ ሲሰማኝ ደግሞ፣ የተቀመጥኩበትን ብረት ትቼ ሐኪም ደህና ያለውን ልቤን መጠርጠሬ።