ስድስቱ የሚሊሜትር መስኮቶች

ሴትዮዋ ደክሟታል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያደረገችውን ስትሰሙ ለመፍረድ እንዳትቸኩሉ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ ወገቧ እዚያው ማሽኑ ሥር ነው ያለቀው። ቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ ይጠብቃታል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ የሚታጠበውም፣ የሚለብሰውም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሻገረውም በሷ እጅ ነው።

ባሏ አናጢ ነበር። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ በር ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ አንዲት ሚሊሜትር ዝንፍ ካለችበት ነቅሎ እንደ አዲስ ይጀምራላ! የቤታቸውን ስድስት መስኮቶች በገዛ እጁ የሠራቸው ልጃቸው ሳትወለድ ነው። እንጨቱን የሸጠለት ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው የልብ ጓደኛው ነው፤ አንዱ ያለሌላው ውሎ የማያድር ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

ዓመታት አለፉና መስኮቶቹ ከሥራቸው መበስበስ ጀመሩ። ታዲያ ሚሊሜትር ሥራውን ሊጠራጠር? ምን ሲደረግ! «እንጨቱ ነው» አለ። «እርጥቡን ደረቅ ነው ብሎ ሸጠልኝ» አለ፤ ያውም መንገድ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እየጮኸ። ጓደኛው «እኔ? ላንተ?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀና ፊቱን አዞረ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ መንገድ እየተላለፉ ሳይነጋገሩ ኖሩ። አምና እንጨት ሻጩ ሞተ። ሴትዮዋ «ተሸክመንም ቢሆን ቀብሩ ላይ እናድርስህ» ብትለው ሚሊሜትር ጭንቅላቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዘንድሮ ብርዱ በመስኮቶቹ ሥር እየገባ ባሏን ሳል ያዘው። ልጃቸው በስልክ ወጥራ ያዘቻት። «እማዬ፣ ይነቀል በቃ! አልሙኒየም ይግባ። ቀለም አይል፣ መበስበስ አይል፣ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።» ለክተው የሄዱት የአልሙኒየም ሠራተኞች እንኳ የሚጠብቁት አንድ «እሺ» ብቻ ነው። ሚሊሜትር ግን «አናጢ ሳያየው አይነቀልም» ብሎ ድርቅ አለ። እናም ድሮ ሚሊሜትር ራሱ ሥራ ያስተማረው፣ አሁን እሱም ፀጉሩ የሸበተ አናጢ ቅዳሜ ጠዋት መጣ።

አናጢው ስድስቱንም በውጭ በኩል እየዞረ በመሮው ወጋ ወጋ አደረጋቸው። ከዚያ ሴትዮዋን ወደ ግቢ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እንጨቱ እኮ ደህና ነው። ድንጋይ በሉት። የተበላው ከታች እዚች ጋ ብቻ ነው። ጋሼ በየመስኮቱ ሥር ሁለት ሁለት ቀዳዳ ትተው ነበር፣ የዝናቡ ውሃ እንዲወጣ። ማን ነው በስቱኮ የደፈነው?»

ሴትዮዋ ክው አለች።

ይቺ ሴት ቀዳዳ ካየች እጇ አያርፍም። ካልሲ ይሁን፣ ድስት ይሁን፣ የአይጥ ጉድጓድ ይሁን፣ ትደፍናለች። ባሏ «እነዚህን እንዳትነኪ» ብሏት ነበር። «ደግሞ ሰው በገዛ ቤቱ የንፋስ መግቢያ ይበሳል?» ብላ በሆዷ ሳቀችበት። ክረምት በመጣ ቁጥር እሱ ሥራ ሲሄድ የተሰነጠቀውን ስቱኮ እያደሰች ቀዳዳዎቹን ጥቅጥቅ አድርጋ ትሞላና በላያቸው ያንኑ ቀለም ትቀባለች። ስትሠራ ደግሞ ለጉድ ነው! ሚሊሜትር ራሱ አላወቀባትም። ውሃው መውጫ አጣና እዚያው ተኝቶ እንጨቱን በላው።

አላውቅም ነበር ብትል ዋሸች፤ አውቅ ነበር ብትልም ዋሸች። ሁለቱ ጓደኛሞች የተጣሉ ቀን ልቧ ጠርጥሮ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

አናጢው ገብቶታል። መሮውን በሱሪው እየጠረገ፣ «አልሙኒየሙ ይግባ ካሉ ከኔ አፍ ምንም አይወጣም። ተነቅሎ ይሄዳል፣ አለቀ። ይጠገን ካሉ ግን ጋሼን ያውቋቸዋል፤ ወንበራቸውን አስጠግተው ነው የሚያዩኝ። ስቱኮው ሲወጣ ማየታቸው አይቀርም» አላት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አንድ ቃል ነው፤ «ይነቀል» ማለት ምን ያደክማል? ሰውየው ሞቷል። ባሏ ታማሚ ነው፤ ምን ሊረባው ትነግረዋለች? እሷም ብትሆን ቀለም ከመቀባት ትገላገላለች። ግን ትናንት እንኳ ሳሉ ሲያንቀው «ይሄ ሳል የዚያ አጭበርባሪ ነው» ብሎ ነበር። አፈር የለበሰ ሰው! ስትሰማ ዝም፣ ስትሰማ ዝም። ከአንሶላውም፣ ከወገቧም፣ ባሏን ከማንሳትም ይልቅ ያደከማት ይሄ ዝምታ መሆኑ ያኔ ገባት።

ተነሥታ ገባችና ወንበሩ ፊት ቆመች።

«የመስኮቶቹን ቀዳዳ የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ቀዳዳ?»

«የውሃ መውጫውን። አትንኪ ያልከኝን።»

«መቼ?» አለ ሚሊሜትር።

«በየክረምቱ። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ።»

«ቀለሙንስ?»

«እኔው ነኝ የቀባሁት።»

«እኔ ደግሞ አላየሁም» አለ። «አይ ሚሊሜትር!» ብሎ በገዛ ስሙ አላገጠ። ስድብ ትጠብቅ ነበር፤ ቢሰድባት በወደደች። እሱ ግን፣ «ቀብሩ ላይ እኮ አልሄድኩም» አላት።

እንውሰድህ ብዬህ ነበር የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ነክሳ አስቀረችው።

አናጢው በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ይሁን? ይቀየር ወይስ ይጠገን?»

«እንጨቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ጮክ ብለህ ተናገር። ስሰድበው ሰፈሩ ሰምቷል።»

አናጢው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ሚሊሜትር ራሱ ሊጮህ ሞከረ፤ ግማሽ አፉ አልታዘዝ ብሎት ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ። ያኔ ሴትዮዋ ወደ መንገዱ የሚያየውን መስኮት ያዘች። በቀለም ላይ ቀለም ተጣብቆ እምቢ ቢላት በትከሻዋ ገፋችው፤ ተላቆ ተከፈተ።

«እንጨቱ ደህና ነበር!» ብላ ጮኸች። «ያበሰበስኩት እኔ ነኝ!»

መንገደኞች ቀና ብለው አዩዋት። ማዶ ደጇን ስትጠርግ የነበረችው የእንጨት ሻጩ ሚስት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ሰማች?» አለ ሚሊሜትር ከወንበሩ።

«ሰማች።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ገባች።»

«እውነቷን ነው» አለ ሚሊሜትር፤ ከዚያ ወደ አናጢው ዞሮ፣ «ይጠገን» አለው።