እግር የሚለቅ ጫማ

የአባቴን ዳሌ የሰበረው ፈረሱ አይደለም፤ እኔ የገዛሁለት ቦት ጫማ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው የለም። እንግዲህ እኔው ልናገረው።

አባቴ ማር ነጋዴ ነበር። ሱቅ አልነበረውም። ሚዛኑን ከኮርቻው ጎን አንጠልጥሎ ከመቱ ወደ ዳሪሙ ገጠር ይወጣል፤ ቀፎ ያላቸውን ገበሬዎች በየደጃፋቸው እየዞረ ያነጋግራል፤ የገዛውን ማር አንዲት በቅሎ ተሸክማ ከኋላው ትመጣለች። መንገዱ የእግር መንገድ ነው፤ መኪና የሚባል ነገር እምብዛም አያውቀውም። ዳማውን ፈረስ የገዛውም እዚያው ዳሪሙ ከአንድ ገበሬ ስለሆነ፣ ፈረሱ የሚገባው ኦሮምኛ ብቻ ነው። ቀስ በል ለማለት «ሱታ» ካላልከው አይሰማህም።

አባቴ የሚጋልበው እንደ አባቱ በባዶ እግሩ ነበር። የድሮ ሰው እርካብ ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። አውራ ጣትና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጣት ብቻ ይገቡባታል፣ ሌላው እግር ውጭ ይቀራል። ጫማውን አውልቆ ከኮርቻው ጋር ያስረውና የሚሄድበት ሲደርስ ይጫማል። እኔንም ትንሽ ሆኜ ከኋላው አፈናጦኝ ሲሄድ፣ ያቺ ጣቱ ቀለበቷን ጨብጣ ስትወዛወዝ እያየሁ ነው ያደግኩት። ያኔ አላሳፈረችኝም ነበር።

ያሳፈረችኝ ደመወዝተኛ ስሆን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፣ መቱ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው መታወቂያ እገለብጣለሁ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቆም ያሳክከኛል። አንድ ቀን አባቴ በፈረስ በበራችን ሲያልፍ አብራኝ የምትሠራው ልጅ በመስኮት አየችውና «አንቺ፣ ያ ጣቱን ያሰጣው ሰውዬ ያንቺ አባት አይደል?» አለች። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በመሳቄ የባሰ ተናደድኩ።

የመጀመሪያ ደመወዜን እንደተቀበልኩ በቀጥታ ወደ ገበያ ሄድኩ። ጫማ የሚሸጡት ሴትዮ «ለምን የሚሆን ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ለጭቃ፣ እትዬ» አልኩ።

ለፈረስ አላልኩም። እሳቸውም ለጭቃ የሚሆነውን ሰጡኝ፤ ጥቁር የጎማ ቦት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ሶሉን ገልብጠው ጥርሱን አሳዩኝ። «መሬቱን ነክሶ ነው የሚይዘው» አሉ። ደስ አለኝ። የመረጥኩት በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነበር፤ የሚያደርገው ግን በፈረስ የሚሄድ ሰው ነው። ልዩነቱን ማወቅ ነበረብኝ፣ የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ።

አባቴ ቦቱን ሲያይ «ይሄን የሚያህል እግር አለኝ እንዴ?» አለና አደረገው። ቦቱ በቀለበቷ አልገባ ሲል፣ እርካቡን የማሠራው እኔ ነኝ ብዬ ከብየዳ ቤት ሄድኩ። የብየዳ ቤቱ ሰውዬ ከወፍራም ብረት አዲስ ሊያጎብጥ ተነሣና «ምን ያህል ላስፋው?» አለኝ። አንዱን ቦት አውጥቼ ሰጠሁት። «በዚህ ልክ። ልክክ ይበል፣ እግሩ ውስጡ እንዳይንቀሳቀስ» አልኩ። ጠባብ የሆነ ነገር ሁሉ አስተማማኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አባቴ ራት ላይ «ፈረሱ ጫማውን አልወደደውም» አለ።

«ፈረሱ ነው ወይስ አንተ?» አልኩት።

እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ጫማው ምንም አላነሣም፤ በየቀኑ ግን ያደርገው ነበር።

የሆነውን የነገሩን አብረውት ይመጡ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ከዳሪሙ ሲመለሱ ወንዝ ዳር አንዲት ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል ፈረሱ በረገገ። አባቴ በግራ በኩል ወደቀ። ግራ እግሩ ግን አልወደቀም። ቦቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ እርካቡ ውስጥ ሰጥሞ፣ ጥርሱ ብረቱን ነክሶ ቀረ። ፈረሱ የሚጎትተው ነገር ምን እንደሆነ ስላላወቀ ይበልጥ ሮጠ። ልጓሙ ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ ባያቆመው ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ መንገድ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ ቦቱን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ትቀደዋለች። አባቴ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ «ቀስ በይ እባክሽ፣ አዲስ እኮ ነው» አላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መግባት አቃተኝ።

ዳሌው ተጠገነ፣ ግን ተጣሞ ነው። በከዘራ መሄድ ቻለ፤ መጋለብ ቀረ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ለቅቄ ቤት ገባሁ። ፈረሱ ዓመት ሙሉ ጓሮ ቆሞ ሣር በላ። የማር ወቅት ሲደርስ ከዳሪሙ መልእክት መጣ፤ ከእናንተ ሰው ካልመጣ ማሩን ለሌላ እንሰጣለን የሚል። ከሁሩሙ ከተማም ፈረሱን ለጋሪ የሚፈልግ ሰው መጥቶ ጥርሱን አየ፣ ሰኮናውን አነሣ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንድ ይበቃኛል» አለች እናቴ።

አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። «ሰውየው እስኪመለስ እግርሽን የሚለቅ ጫማ አምጪ» አለኝ። «ካመጣሽ ፈረሱ ያንቺ ነው። ካላመጣሽ የጋሪው።»

«የሚይዝ ማለትህ ነው?»

«የሚለቅ። የሚይዘውንማ አይተናል።»

አባቴ ስለ አደጋው ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም።

መጀመሪያ ያመጣሁት ልባሽ ከሚሸጥበት ከቦንዳ ተራ ያገኘሁትን ከስክስ ጫማ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ በራሴ ተማምኜ ፊቱ አስቀመጥኩት። አባቴ ገልብጦ ጥፍሩን በሶሉ ስንጥቅ ውስጥ አስገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥርስ።»

«ጥርስ ሥራው ምንድን ነው?»

መንከስ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ክሩንም ጎተት አደረገና «ይሄ ሁሉ ገመድ ማንን ልታስሪበት ነው?» አለ። መልሼ ወሰድኩት። በማግስቱ ሸራ ጫማ አመጣሁ፤ ቀላል ነው፣ ይመቻል፣ ሶሉም ለስላሳ ነው። እሱን በከዘራው ጫፍ ብቻ ነው የነካው። «ተረከዝ የለውም። እርካቡ እንደ ጉሮሮ ነው፣ የሚያቆመው ካላገኘ ይውጥሻል» አለ። የጎረቤታችን ሴትዮ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሁሉንም ይሰሙ ነበርና «ሂል ጫማ አምጪለት፤ ተረከዝ ከሆነ የጠፋው» አሉ። እናቴ ሳትፈልግ ሳቀች። እኔ ግን ለገበያው ቀን ሦስት ቀን ብቻ ስለቀረ መሳቅ አልቻልኩም።

ያን ቀን ማታ አባቴ «ጎሬ ከተማ ውስጥ ኮርቻ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አሁን ጫማ ይሰፋሉ» አለኝ። ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርከኝም ልለው ነበር። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እስክመለስ እንደጠበቀኝ ስለገባኝ ተውኩት።

ጎሬ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ሽማግሌውን ለማግኘት ብዙም አልለፋሁም፤ ዳገቱ ላይ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ሥር ይቀመጣሉ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«የምትጋልቢው አንቺ?»

«አዎ ጋሼ።»

እግሬን አዩት። «ገና አሁን ከመኪና ወርደሽ? ጠዋት የተለካ እግር ይዋሻል። ሂጂና ከተማውን ዙሪ፤ ከሰዓት ስታብጪ ተመለሺ።»

ዞርኩ። ለእኔማ የሚከብድ ትእዛዝ አልነበረም። ከሰዓት ስመለስ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ አቁመው እግሬን በእርሳስ ዞሩበት። እየሠሩ ነገሩኝ። ሶሉ አንድ ወጥ ቆዳ ይሆናል፣ ለስላሳ፣ ከብረት ጋር የማይከራከር። ተረከዙ አውራ ጣት የሚያህል ከፍታ ይኖረዋል፣ እርካቡ እሱ ጋ ሲደርስ እንዲቆም። አንገቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣል፣ እርካቡ የሚንጠለጠልበት ጠፍር ሥጋ እንዳይልጥ። ክር አይኖረውም፤ በጎንና በጎን ላስቲክ ነው። ጣቶቼ ውስጡ ካልተንቀሳቀሱ ደግሞ መንገድ አጋማሽ ላይ እግሬ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ከእርካብ ሲወጣና ሲገባ አያውቅም።

ወስፌያቸውን እያስገቡ «አምና አንድ ማር ነጋዴ በጎማ ቦት ተጎተተ ሲባል ሰማሁ» አሉ። «ሰውየው ምን ያድርግ፤ እርካቡን በቦቱ ልክ ያሠራለት ግን ፈረስ በዓይኑ ያላየ መሆን አለበት።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ቦቱንም የገዛሁት፣ እርካቡንም ያሠራሁት። ሰውየው አባቴ ነው።»

ወስፌው ቆዳው ውስጥ ቆመ። አይዞሽ አላሉኝም፤ እሱንም ወደድኩላቸው። ወስፌውን ስበው አወጡና «እርካቡ የት ነው?» አሉ።

«ቤት።»

«የፈረሰኛ ጫማ ያለ እርካቡ ግማሽ ነው። ነገ ጫማውን ስትወስጂ አምጪው።»

እርካቡ የት እንዳለ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ስጠይቃት ዱቄት መቅጃዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከእህል ጎታው ሥር በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «እንዳልጥለው ብረት ነው፤ እንዳላየው ደግሞ…» አለችና ሰጠችኝ። ከባድ ነበር። ሳሠራው እንደዚህ የከበደ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጎሬ ላይ ሽማግሌው አዲሱን ጫማ እርካቡ ውስጥ አስገቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ ጎን አንድ ጣት፣ በዚያ ጎን አንድ ጣት ክፍት ይሁን። ከዚያ በላይ ከሰፋ እግርሽ ያልፋል፣ ካነሰ ያንቃል።» መቱ እንደደረስኩ እዚያው ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሰውየው አስታወሰኝ። «እንዳለፈው ልክክ ላድርገው?» አለኝ። ምን እንዳደረግን አልሰማም ነበር፤ ወይም ሰምቶ ከራሱ ጋር አላያያዘውም። በቁሙ አየሁት። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው። «አይ፣ ይለቅ» አልኩና ሁለት ጣቶቼን አሳየሁት።

በዚያው ዕለት አመሻሽ፣ በገበያው ቀን ዋዜማ፣ አባቴ በርጩማውን ግቢ መሃል አስወጣ። ፈረሱን ጫንኩ፣ ጫማውን አደረግኩ፣ ፈረሱ ላይ ወጣሁ። አባቴ የልጓሙን ጫፍ ያዘ።

«ውደቂ» አለኝ።

«ምን?»

«ውደቂ። በግራ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቴ ለፈረሱ «ሱታ፣ ሱታ» ይለዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ፈረሱን እንዲህ ቀርቦ አላነጋገረውም ነበር። እኔ ፈሪ አይደለሁም፣ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። ወደቅሁ። ትከሻዬ መሬቱን መታ፤ እግሬ ከእኔ ጋር ነበር። እንዴት እንደወጣ እንኳ አልተሰማኝም።

«በቀኝ» አለ።

በቀኝም ወደቅሁ።

«እንደገና በግራ፤ አሁን ፈረሱ እየሄደ።»

እናቴ «አይበቃም?» አለች ከግድግዳው ሳትዞር። አባቴ ፈረሱን በከዘራው መታ አደረገው፣ ተራመደ፣ ወደቅሁ። ጭቃ ውስጥ ተጋድሜ ቀና ስል ዳማው ጥቂት ሄዶ ቆሞ ያየኛል። ከኋላው የሚጎተት ነገር አልነበረም። አባቴ በርጩማው ላይ ሆኖ ባዶዋን እርካብ ያያል። ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ነበር። እስክትቆም ድረስ አያት።

«እሺ» አለ።

በማግስቱ የሁሩሙው ሰውዬ ሲመጣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ፈረሱ ሥራ አለው» አለው። ሰውየው ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጫማዬ አየ። «ሴት ልጅ ዳሪሙ ድረስ?» አለ። «ማሩ ወንድና ሴት አይለይም» አለው አባቴ።

የሄድኩት በነጋታው ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ረግረግ ሆኗል። እናቴ ጫማዬን በእጇ ጎትታ ሞከረች፤ እንደሚወልቅ ለማረጋገጥ። ሲወልቅላት መልሳ አደረገችልኝ።

ፈረሱን ወደ በሩ ስነዳ አባቴ ከቤት ወጣ። ከዘራው በእጁ፣ የታመመው ግራ እግሩ በነጠላ ጫማ። በቀኝ እግሩ ያደረገውን ሳይ ልጓሙን ያዝኩት። ያ ቦት ነበር። ነርሷ ያልቀደደችው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የት እንደገባ ያልጠየቅሁት አንዱ። ጭቃው መሃል ረገጠ፤ ቦቱ ይዞ አቆመው። በሩን ከፈተልኝ።

ስመለከተው አይቶ ወደ እግሩ ጎንበስ አለ።

«ለጭቃማ ወደር የለውም» አለኝ።

ከዚያ ፈረሱን በመዳፉ ጀርባውን መታ አደረገውና ከመንገዱ ዘወር አለ።