የእትዬ ረውዳ ግድግዳ እና አንዲት ቀይ አበባ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜላት ከታቦር ሰፈር በባጃጅ መጥታ በረንዳዬን ወረሰችው። ጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣ አነጠፈች፣ በእንጨት የተወጠረ ነጭ ሸራ አቆመች፣ የጥርስ ሳሙና የመሰሉ ትናንሽ የቀለም ቱቦዎች ደረደረች። ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ከፈተችው። ስልኩ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ቀያይ አበቦች ትሥላለች። አበባው ፖፒ፣ ቀለሙ ደግሞ አክሪሊክ ይባላል። ሴትዮዋ አንድ አበባ ስትሥል ሜላት ቪዲዮውን ታቆማለች፣ እሷም አንድ ትሥላለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ትደመስሳለች።

አላስቻለኝም። «እስቲ ያንን ብሩሽ አቀብይኝ» አልኳት።

«አባባ፣ ይችሉበታል እንዴ?»

ይችሉበታል እንዴ! እኔን! ብሩሹን ውሃ አስነካሁት፣ ከቀዩ ጫፍ አነሳሁ፣ ጋዜጣው ላይ በአምስት ንክኪ አንድ ፖፒ አፈነዳሁላት። አንዱ የአበባ ቅጠል ሌላውን በስሱ ያሳያል፤ ነፋስ ቢመጣ የሚነሳ ይመስላል። ሜላት አንዴ ስልኩን አንዴ ጋዜጣውን አየችና «ሴትዮዋ እንኳን እንዲህ አትችልም» አለች። ልጅቱ እውነት ስትናገር ማቋረጥ አልወድም።

ፖፒ የሚባለውን አበባ በዚህ ዕድሜዬ አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በእኛ አገር ደጅ ላይ የሚበቅል አይደለም። ይሁንና በሕይወቴ ከሁሉ የበለጠ የቀናሁት፣ እንቅልፍ እስካጣ፣ እህል እስኪያስጠላኝ የቀናሁት፣ በዚህ አበባ የተነሳ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዋሳ ያኔ የጋሪና የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ጎማው ቀዩን አሸዋ ሲፈጨው የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። ፊደል አጣጣል ያስተማረኝ ሰው የለም። ከዱቄት ጆንያና ከዘይት ቆርቆሮ ላይ እየገለበጥኩ፣ በከሰል የጓሮ ግድግዳ እያጠቆርኩ፣ ከእናቴ ቁጣ እየሸሸሁ ነው የተማርኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር የእኔ እጅ ያላረፈበት ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ቤት ወይም ሥጋ ቤት አልነበረም። አንድ ሥጋ ቤት ላይ የሣልኩትን በሬ ያየ ገበሬ ዋጋውን ጠይቋል ይባላል። ይህን ያወራሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን አላስተባበልኩም።

ባህል አዳራሽ አካባቢ እትዬ ረውዳ የሚባሉ የስልጤ ሴት ሻይ ቤት ነበራቸው። ቦምቦሊኗቸው ከዘይት ሲወጣ ሽታው ጋሪ ያስቆማል፤ ስኳሩ ጣት ላይ ይቀራል፣ ሰው ጣቱን እየላሰ ሁለተኛ ያዛል። እህታቸው ከጅዳ የላኩላቸው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው፤ ብስኩቱ ካለቀ ቆይቷል፣ ቆርቆሮውን ግን እንደ ጌጥ ከመደርደሪያው በላይ አስቀምጠውታል። ክዳኑ ላይ ቀያይ አበቦች ከአረንጓዴ ሜዳ ላይ ቆመው ይታያሉ። ስማቸው ፖፒ መሆኑን ማናችንም አናውቅም፤ «የቆርቆሮው አበባ» እንላቸው ነበር። እትዬ ረውዳ ሻይ ቤቱን ኖራ አስቀብተው ሲጨርሱ እኔን ጠሩኝና «ሽፈራው፣ እነዚህን አበቦች ግድግዳዬ ላይ እፈልጋለሁ» አሉኝ።

በሬ የሣለ ሰው አበባ ያቅተዋል? «ነገ እጀምራለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ብሩሼን ይዤ ስመጣ ማርቆስ የሚባል ልጅ ቆርቆሮውን እያገላበጠ አገኘሁት። ከወላይታ መጥቶ በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ከአጎቱ ጋር የሚኖር፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ፣ ድምፁ የማይሰማ የጴንጤ ልጅ ነበር። አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የቀለም ቱቦዎች ትቶለት ሄዷል፤ እሱም እትዬ ረውዳን «ልሞክር?» ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ደንበኛ ማስቀየም አይወዱም። ግድግዳውን በበሩ ከፈሉት። ከበሩ በስተቀኝ ለእኔ፣ በስተግራ ለእሱ።

እስቲ አስቡት። የከተማው ሰው በሙሉ እዚያ መሐል ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያዞረ ሊያማርጥ ነው። ከዚህ በኋላ በአዋሳ ሠዓሊ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ያ ግድግዳ ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሌላ የሚታሰብ ነገር የለም።

እኔ በሁለት ቀን ጨረስኩ። በምወደው የዘይት ቀለም፣ ለሥጋ ቤቱ ከተረፈኝ ቀይ፣ አሥራ አንድ አበባ። ክብ፣ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፤ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ጥንቅቅ አድርጌ ዘጋሁት። ማርቆስ ግን አምስት ቀን ሙሉ አንድም አበባ አልሣለም። ሣሩን ሣለ። አገዳውን ሣለ። አንገታቸውን ያቀረቀሩ አረንጓዴ እምቡጦች ሣለ፤ እያንዳንዱ እምቡጥ ላይ እንደ ሕፃን ክንድ ስስ ጸጉር አበቀለ። ቱቦውን ጫፉን ብቻ ጨመቅ፣ ብሩሹን ነካ ያደርጋል፤ ቀለሙ ዞር ብሎ እስኪያይ ይደርቅለታል፣ በላዩ ሌላ ይደርብበታል። የእኔ በሦስተኛው ቀንም እጅ ይይዝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ ቀዩን ቱቦ ከፈተና አንዲት አበባ ሣለ። አንዲት ብቻ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ወደ ግራ ዞረ። ቅጠሏ ከጀርባዋ ፀሐይ ያለ ይመስል ታሳልፋለች። በዚያ ወር መንገድ ዳር ያሉት የኮርች ዛፎች በሙሉ አብበው ነበር፤ ቀያቸው ግን እንደዚያ አልነደደም።

ዳንጊሶ የሚባል ጋሪ ነጂ ነበር፣ ምላሱ ከአለንጋው ይበልጥ የሚጋረፍ የሲዳማ ሰው። ብርጭቆውን አስቀምጦ አንገቱን ወደ እኔ ግድግዳ አዞረና፦

«ሽፌ!»

«አቤት።»

«ቲማቲሙ በኪሎ ስንት ነው?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ረውዳ እንኳን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያልሳቀው ማርቆስ ብቻ ነበር፤ እሱ አለመሳቁ ደግሞ ከሁሉም በላይ አቃጠለኝ። ያን ቀን ማታ እናቴ የሐይቅ ዓሣ ጠብሳ በሎሚና በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። የምወደውን ቆሮሶ ዓሣ አንድ ጉርሻ ጎርሼ ተውኩት። ቅናት ጨጓራ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ልብ ላይ ነው የሚሉ ሰዎች አልቀኑም።

አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ በመጨረሻ ለራሴ «ልጁ አይደለም፣ ቀለሙ ነው» አልኩ። ያንን ቀለም ለእኔ ቢሰጡኝ ምን እንደማደርግበት አሳይ ነበር። ማርቆስን «ስጠኝ፣ አሳየኝ» ማለት ግን እንዴት ይሆናል? ማንንም ጠይቄ የማላውቅ ሰው!

እሑድ ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለና እስከ ቀትር እንደማይወጣ አውቃለሁ። ሻይ ቤቱ ሄድኩና እትዬ ረውዳን «ማርቆስ ቀዩን ተጠቀምበት ብሎኛል» አልኳቸው። የቀለሙን ካርቶን ከባንኮኒው ሥር አውጥተው ሰጡኝ።

ከዚያ ያደረግሁትን ታፔላ ጸሐፊ ካልሆነ ሌላ ሰው አያደርገውም። እኛ ቀለም በጠብታ አንሠራም። ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ይገለበጣል፣ አኳራጅ ይጨመርበታል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ ሲቀጥን ይቀባል። አኳራጅ የዘይት ቀለም የምናቀጥንበት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ነው። ቱቦውን ከታች ጀምሬ ጠቅልዬ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመቅኩት። አኳራጄን አንቆረቆርኩበት። ማሰልኩ።

ቀለሙ ረጋ። እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራረጠ፣ እንጨቱ ላይ እንደ ማስቲካ ተጠመጠመ። ደነገጥኩና ተጨማሪ አኳራጅ ጨመርኩ፤ ባሰበት። ያ የሚነድ ቀይ በአንድ አፍታ ከጉበት ቁራጭ የማይሻል ነገር ሆነ። የቀለም ቆርቆሮዬን ጓሮ ካለው ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ባዶውን ቱቦ ግን፣ ከድንጋጤ ብዛት ይሁን ከሞኝነት፣ ክዳኑን ገጥሜ ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

ሰኞ ማርቆስ ካርቶኑን ሲከፍት እዚያው ነበርኩ። ባልኖር ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ቱቦውን አነሳ፣ አገላበጠ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ እጅጌዬን አሸተተ።

«አኳራጅ ጨመርክበት?» አለ በቀስታ።

እጅጌዬን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«ሽፌ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ክዳኑን እየከፈትኩ አየው ነበር እንጂ አልነካሁትም። ለትልቅ ነገር ብዬ ነበር ያቆየሁት።» ዓይኑ ሞላ። «እዚህ አገር አይገኝም እኮ።»

እትዬ ረውዳ የቦምቦሊኖ ሰሐን ይዘው ከጓዳ ወጡ። «ማርቆስ፣ ሌሎቹ አበቦችስ ልጄ?»

«ቀዩ አለቀ፣ እትዬ።»

«ማን ጨረሰው?» አሉ፤ የሚያዩት ግን እኔን ነበር።

እዚያ ላይ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። እኔ ግን የቦምቦሊኖውን ሰሐን ማየት መረጥኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ማርቆስ። «ሳልለካ ጀመርኩ።»

እሳቸው ሰሐኑን አስቀምጠው ግድግዳውን ቆመው አዩት። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ እምቡጥ መሐል አንዲት ቀይ አበባ። ብዙ አዩት። «እንዲሁ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «አንዷ ከፈነዳች ሌሎቹ መቼ ይቀራሉ?»

ቅጣቴ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። የእሱ ግድግዳ እንደ እኔው አሥራ አንድ አበባ ቢኖረው ኖሮ ያምር ነበር፣ ሰው ይለምደው ነበር፣ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ዓይን የሚያርፍባት አንዲት አበባ ሆነች፤ የቀረው ሁሉ ሊፈነዳ የተቃረበ ነው። ሰው በቀኝ በኩል ቦታ ሞልቶ ሳለ ወንበሩን እየጎተተ ወደ ግራ ይሄዳል። ዳንጊሶ በየጠዋቱ ገብቶ «ዛሬም አልፈነዱም?» ይላል፣ ሰውም ዞሮ ያያል። ቀለሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሥራውን ያሳመርኩለትም እኔ ነኝ! ሰው ራሱ በሠራው ነገር ሲቀና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያው ሳምንት ማርቆስ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ና» አለኝ። ወደ ሐይቁ ወረድን። ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና እሱ ከሐይቁ በጣሳ ውሃ ቀዳ። የቀሩት ቱቦዎች ሰማያዊና ነጭ ነበሩ። ጭኑ ላይ የካርቶን ቁራጭ ዘረጋ።

«በውሃ ነው የሚቀጥነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ትንሽ ቀለም፣ ከዚያ እጅህን አትጫን። የአንተ እጅ ታፔላ ስለለመደ ጠርዝ ይወዳል። ይህ አበባ ጠርዝ የለውም።»

ሞከርኩ። ቲማቲም ሆነ፤ ሰማያዊ ቲማቲም። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ካርቶኑ ሁሉ በሰማያዊ ፖፒ ተሞላ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የእኔ ነበሩ፣ ነፋስም የሚነካቸው ይመስሉ ነበር። ፈጣን ተማሪ እንደነበርኩ መናገር አለብኝ።

«ለምንድን ነው የምታሳየኝ?» አልኩት ስንነሳ።

«ሌላ ጊዜ ስትሰርቅ እንዳታባክነው።»

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ነገ ነገ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ፤ እሱም አርባ ምንጭ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እዚያው መሞቱን ከዓመታት በኋላ ከአጎቱ ሰማሁ። የሻይ ቤቱ ግድግዳም የለም፤ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ የሣልኩትን ቢቆጥሩት ቀን ይመሻል፤ ሆቴሎች እየተሻሙ አሠርተውኛል፣ ሰው ሁሉ «ራሱን በራሱ ያስተማረ» እያለ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀብያለሁ። አብዛኛው እውነት ነው። የዚያን ከሰዓት በኋላ ነገር ግን ለባለቤቴም አልተናገርኩም፤ ለሜላት የነገርኳት ባለፈው ቅዳሜ ነው።

ታሪኩን ስጨርስ ብሩሿን ውሃ ውስጥ እያጠበች «እና አባባ፣ የማን ይበልጥ ነበር?» አለችኝ።

«የእሱ» አልኩ። በረንዳው አልፈረሰም። ልጅቱም «ኧረ?» ብላ ወደ ሸራዋ ተመለሰች።

ድሮ ቅናቴን እንደ ቁስል እሸፍነው ነበር። ሲያረጁ ሌላ ነገር ይታያል። መለስ ብዬ ሳስበው ይህ ቅናቴ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም፤ መናኛ ሥራ አይቼ ቀንቼ አላውቅም። ሰው ሳያደንቅ፣ አፌም ሳያምን፣ ጨጓራዬ ቀድሞ ያውቃል።

አመሻሽ ላይ ሜላት ሸራዋን አዙራ አሳየችኝ። የስልኳን ሴትዮ ትታ ሥዕሉን በራሷ መንገድ ወስዳዋለች። አበቦቹ ዝናብ መትቷቸው ግማሾቹ ተኝተዋል፣ አንዱ ቅጠሉ ረግፎ አገዳው ብቻ ቀርቷል፣ ከሥሩ ጭቃው ላይ ቀይ ወድቋል። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን የወደቀ ቅጠል ሥዬ አላውቅም። አስቤውም አላውቅም።

ሆዴን ቆንጠጥ አደረገኝ።

ወንበሬን ስቤ ሸራው ፊት ተቀመጥኩና፣ ደስ እያለኝ፣ ደህና አድርጌ ቀናሁ።